አላልታ ያነበበችው

አሁን የምትሠራው አውቶቡስ ጣቢያ ነው፤ ሦስተኛው መስኮት። ከመስታወቱ ሥር እጅ የምታስገባ ክፍተት አለች፤ በዚያች በኩል እጅ ይገባል፣ ትኬት ይዞ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ የሰው መድረሻ ስትሰማ ትውላለች። እሷ ራሷ ግን ከከተማው ወጥታ ካደረች አንድ ዓመት ሞላት። አንድ ቀን ሳላስበው ወረፋው ውስጥ ገብቼ ፊቷ ደረስኩ። "ወዴት ነው ጋሼ?" አለችኝ፣ እንደማንኛውም ተሳፋሪ። የምሄድበት አልነበረኝም። "ተሳስቼ ነው" ብዬ ወጣሁ።

ስለ እሷ የሚወራውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። "በጽሑፏ ሰው አስገደለች" ይሏታል። "ቤቷ ቁጭ ብላ ነበር የምትፈጥረው፣ ያየችው አገር የለም" የሚሉም አሉ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ይህን የሚያወሩት ሰዎች አንድ ገጿን እንኳ አላነበቡም። እኔ ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጽሔታችን የላከችውን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ሥራዬ ነው። አራሚ ነኝ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሰው ጽሑፍ ላይ ስቀመጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቢሮ ውስጥ "አራት ነጥብ" የሚል ቅጽል አውጥተውልኛል፤ ክርክር ሁሉ እኔ ጋ ሲደርስ ያበቃል ለማለት ነው። ቅጽሉን ወድጄው ነበር፤ እንግዲህ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከዚህ ገምቱ።

ሰው ገደለ የሚባለውን ቃል እሷ አልጻፈችውም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህንን መናገር የነበረብኝ ቀንና ቤት ነበር፤ ሳልናገር ቀረሁ። እንዴት እንደቀረሁ ከማውራቴ በፊት ግን ማን እንደነበረች ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ምን እንዳጠፋሁ አይገባችሁም።

"መንገደኛዋ" ነበር የምንላት። አባቷ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደገቻት የአባቷ እህት ናት፤ ልብስ ሰፊ። ትምህርት ሲዘጋ ግን አባቷ ይዟት ይሄዳል። መቀመጫዋ ከሾፌሩ ጎን፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ነው፤ ከሥር ያቃጥላታል፣ ከፊት ነፋስ ይገርፋታል። "ሴት ልጅ እንደ ጎማ ስትንከባለል ታድጋለች እንዴ!" እያለች አክስቷ ወንድሟን ትቆጣ ነበር። እሱም "ጎማ ምን አደረገሽ? እንጀራ የሚያበላሽ እኮ ጎማ ነው" ይላታል።

አባትና ልጅ አንድ ጨዋታ ነበራቸው። አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ ልጅቱ ወርዳ አንድ የማታውቀውን ቃል ይዛ ትመለሳለች። ጎማው እንዳይንሸራተት ከኋላ የሚደገፈውን እንጨት አንዱ ጣቢያ ታኮ ይሉታል፣ ሌላው ጣቢያ ትራስ። ሦስተኛው ጣቢያ ደግሞ "አማች" ይሉታል፤ አንዴ ከተቀመጠ ካልገፉት አይነሳም ብለው። በዚህ ቃል አባቷ መሪውን ይዞ እንባው እስኪፈስ ስቋል አሉ። እሷንም ያን ጊዜ ነው የለከፋት። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት እንጨት ከጎማ ሥር እየወተፈ ለየራሱ ሌላ ስም መስጠቱ ደስ አሰኛት፤ ከዚያ ወዲህ ደስታዋ ይኸው ሆነ።

አባቷ ዓይኑን ያመው ጀመር። መጀመሪያ የማታውን መንገድ ተወ፣ ቀጥሎ የቀኑንም ወሰዱበት። መንጃ ፈቃዱን ሲያስረክብ ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ከዚያ በኋላ ከስፌት መኪናው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋል ሆነ ሥራው። እሷ ያኔ መጋዘን ውስጥ መዝገብ ያዥ ነበረች። ሁለት ዓመት ሠርታ ተወችው፤ ሻንጣዋን ይዛ አባቷ ይነዳባቸው የነበሩትን መንገዶች እየተከተለች ሄደች። ያየችውን እየጻፈች ትልካለች፣ አክስቷ ለወንድሟ ታነባለታለች። የጽሑፏ አጀማመር ይኸው ነው፤ ዓይኑ ለጠፋ ሰው ጮክ ተብሎ የሚነበብ ደብዳቤ።

ችግሩ አክስቲቱ ፊደል ብትቆጥርም ስታነብ ታነክሳለች። ልጅቱ "ያ የምታውቀው ጋራዥ ያለው ሰውዬ አለ።" ብላ ጽፋ ነበር፤ በሕይወት አለ፣ ደህና ነው ለማለት። አክስት አላልታ አነበበችው። አባት ጆሮውን አቀና፤ "ምን አለ?" "እኔ ምን አውቄ፣ እዚህ ጋ ያበቃል።" "ሰውዬው አንድ ነገር ብሏል እኮ! ገጽ ዘለሽ እንዳይሆን?" "ወንድሜ፣ ምንም አላለም!" "አለ ብለሽ አሁን አነበብሽልኝ አይደል?" ሳምንቱን ሙሉ ሲነታረኩ ሰነበቱ፤ ልጅቱ ስትመለስ ነው የታረቁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠብቆ በሚነበብ ፊደል ላይ ሁሉ ጥቃቅን ነጥብ ማኖር ለመደች። ለእኛም መጀመሪያ የላከችልንን ጽሑፍ እንደዚያው ነጥብ በነጥብ አድርጋ ነው ያመጣችው። እኔ የዝንብ ኩስ መስሎኝ ነበር። ስታስረዳኝ ሳቅሁባት፣ "እኛ የምንጽፈው ማንበብ ለሚችል ሰው ነው" አልኳትና ነጥቦቹን ሁሉ አስወጣሁ።

ቋሚ ሠራተኛ አልነበረችም። ጽሑፏ ከወጣ ወጣ፣ ካልወጣ ልፋቷ መና። የምትኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከአባቷና ከአክስቷ ጋር ነው። አንዴ ለማረሚያ የሚሆን ጽሑፍ ልቀበል ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አልጋዋ ከስፌት መኪናው ጀርባ ነው፣ ከአልጋው ሥር አርባ ምናምን ደብተር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተደርድሯል፣ ሻንጣዋ እንደተዘጋጀ ከበሩ ኋላ ቆሟል። አባቷ ድምፄን ሰምቶ "አራሚው ነህ?" አለኝ። "ነኝ" አልኩ። "እንግዲያው የልጄን ዓይን አንተ ነህ የምትጠብቀው" አለኝ። የሾፌር አነጋገር ነው ብዬ አለፍኩት።

አሠራሯ ጨጓራ የሚልጥ ነበር። አንድ ቦታ ስትሄድ የመጀመሪያውን ቀን አንዲት ጥያቄ አትጠይቅም። ሰው ወደሚሠራበት ትጠጋና "ላግዛችሁ?" ትላለች። ሲገምዱ ትገምዳለች፣ ጡብ ሲደረድሩ ትደረድራለች። ከገመድ ሠሪዎች ዘንድ የተመለሰች ጊዜ መዳፏ ተልጦ እስክሪብቶ መያዝ አቅቷት ነበር፤ እሷ እየተናገረች አክስቷ ናት የጻፈችላት፣ ያን ጽሑፍ ለማረም የወጣልኝን ላብ እኔ ነኝ የማውቀው። በሁለተኛው ቀን "ይኼን ምን ትሉታላችሁ?" ትጀምራለች። በሦስተኛው ቀን ትጽፋለች፤ ከጻፈች በኋላ ደግሞ እዚያው ላሉት ሰዎች ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። የማይስማሙበት ካለ ታወጣዋለች። እንዲህ የሚያደርግ ጸሐፊ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሌላ አላየሁም።

አዘጋጃችን ግን አይዋጥለትም ነበር። "ሰው የሚፈልገው የት እንደሚያድር ነው፤ አንቺ ስለ መጥረጊያ አያያዝ ትጽፊልኛለሽ።"

"አያያዙ እኮ በየቦታው ይለያያል" ትለዋለች። "አንዱ ጋ ወደ ራሳቸው ነው የሚጠርጉት፣ ሌላው ጋ ወደ ደጅ።"

"ታዲያ ምን ይጠበስ?"

እኔም አብሬ እስቅ ነበር። በመጨረሻ ተስማሙና ከጽሑፏ ግርጌ ሳጥን ውስጥ የምትገባ አጭር ማስታወሻ እንድትኖር ተደረገ፤ መንገድ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ እያንዳንዱ በአንድ መስመር። እሷ አራተኛ መስመር ጨመረች፤ በየሳምንቱ እንደ ቦታው ትለዋውጠዋለች። አንዴ "ጥላ" ትላለች፣ አንዴ "መቀመጫ"፤ እንግዳ የሰውን ሥራ ሳያውክ የት ሆኖ ማየት እንዳለበት ለመናገር ነው።

ያ ጽሑፍ ስለ ብርድ ልብስ አጣቢዎች ነበር። አንዲት አነስተኛ ከተማ ውስጥ፣ ከድልድይ በታች፣ ሴቶች ከእናቶቻቸው በወረሷቸው ድንጋዮች ላይ የሆቴልና የሆስፒታል ብርድ ልብስ ያጥባሉ። ድንጋዮቹ ሁሉ ስም አላቸው። ሸካራው "አማት" ነው፣ ለስላሳው "ሙሽራ"። መሃል ላይ ያለው ጠፍጣፋ "ዳኛ" ይባላል፤ የተጣሉ ሁለት ሴቶች እሱ ላይ ጎን ለጎን ካላጠቡ እርቅ የለም። ሦስት ቀን አብራቸው አጥባ፣ ጉልበቷ እስኪያብጥ በውሃ ውስጥ ቆማ ነው የጻፈችው። ሴቶቹ ከጉልበታቸው በላይ ውሃ ውስጥ እንደማይገቡም ጽፋለች። ሳጥኑ ውስጥ አራተኛው መስመር "ዋነኛው ቦታ፦ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፤ ጠዋት ውሃው ጸጥ ሲል ይመረጣል" ይል ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገጹ ሊዘጋ ሲል የፍራሽ ማስታወቂያ መጣ። ገጽ ሠሪው "ጋሼ፣ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ቃል ወደ ታች ተርፋለች፤ ቀንሱልኝ" አለኝ። በግራ እጄ ሻይ ይዤ ነበር። በቀኜ "ዋነኛው ቦታ" የሚለውን ሰርዤ "ዋና" አልኩት። መስመሩ ልክ ሆነ። ሻዬን እንኳ አላስቀመጥኩም።

እንዴት እንዳላየሁት ልንገራችሁ። እኔ "ዋነኛው"ን አንብቤ ስለነበር "ዋና" ዓይኔ ላይ ጠብቆ ነው የመጣው። መንገድ፣ ማደሪያ፣ ምግብ ብሎ የመጣ ሰው ግን መስመሩ ውስጥ ውሃ እያየ "ዋና" የሚለውን ቃል አጥብቆ የሚያነብበት ምን ምክንያት አለው? እናንተም አሁን እንዴት እንዳነበባችሁት አላውቅም። ፊደላችን ይህን አይናገርም፤ ለዚህ ነበር እሷ ነጥብ የምታኖረው።

ሐሙስ መጽሔቱ ወጣ። ጠዋቱኑ መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ 'ዋነኛው' የት ሄደ?"

"ቦታ ጠቦ ነው።"

"ሰው እኮ ላልቶ ሊያነበው ይችላል። እዚያ ውሃ ውስጥ ማንም አይገባም፤ ሴቶቹ ራሳቸው አይደፍሩትም።"

"ዋናን ከዋና የማይለይ ሰው መጽሔት አይገዛም" አልኳት። ቢሮው ሳቀ። እኔም የባሰ ኮራሁ።

"በሚቀጥለው ሳምንት እርማት ይውጣ። ሁለት መስመር ናት።"

"ትክክል ለሆነ ቃል እርማት? ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ስም በሁለት መስመር ላጥፋልሽ?"

ዞረችና አዘጋጁ ጋ ገባች፤ እሱም "የቋንቋ ነገር የጋሼ ነው" ብሎ መለሳት። በሚቀጥለው ሐሙስ መጽሔቱ ያለ እርማት ወጣ።

በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ አንድ የሃያ ስምንት ዓመት ዳቦ ጋጋሪ ከሥራ ባልደረባው ጋር ወደዚያች ከተማ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ ምድጃ ፊት ቆሞ የሚውል ሰው በዕረፍት ቀኑ ውሃ ቢያምረው ምን ይገርማል? ገጹን ቀዶ በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ነበር። ሴቶቹ እሑድ ስለማያጥቡ የሚከለክለው ሰው አልነበረም። ሸሚዙን አጣጥፎ ድንጋዩ ላይ አኖረ፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ገባ። ውሃው ላዩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ታችኛው ይጎትታል። ከሰዓት በኋላ ነው ያወጡት።

ሰኞ ባልደረባው ገጹን ይዞ ቢሮ መጣ። አልጮኸም። ሳጥኑን በጣቱ እያሳየ "እዚህ ጋ ዋና ብላችሁ ጽፋችኋል" ይላል ደጋግሞ። እሷም እዚያው ነበረች፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አዘጋጁ ሰውየውን ሸኝቶ ሲመለስ ላብ አጥምቆት ነበር። "ጋሼ፣ ቃሉ ስህተት ነው ወይስ ትክክል?" አለኝ። እዚህ ላይ ሁለት መልስ ነበረኝ፤ አንዱን መረጥኩ። "ቃሉ ትክክል ነው" አልኩ። "እንግዲያው ይህንኑ ይጻፉልን" አለ።

ጻፍኩት። በሚቀጥለው ሐሙስ በገጽ ሁለት ላይ ወጣ፤ ቃል በቃል ይኸው፦ "በገጹ የሰፈረው ቃል ጠብቆ የሚነበብ ሲሆን፣ አንባቢው አላልቶ በማንበቡ ለደረሰው አደጋ የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። አንባቢዎቻችን በጥንቃቄ እንዲያነቡ እናሳስባለን።" ሥርዓተ ነጥቡ አንድ እንከን የለውም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ፈረምኩበት።

እሷ የራሷን ቅጂ ይዛ ነበር፤ "ዋነኛው ቦታ" የሚለው በእጇ ጽሑፍ፣ ከነነጥቡ። ለአንድ ሰው እንኳ ብታሳየው ኖሮ ነጻ ነበረች። አላሳየችም። እኔ ጋ መጣችና "እናቱ ጋ መሄድ አለብን" አለች።

"ምን ልንላቸው?"

"የሆነውን። እርስዎ ይናገራሉ ወይስ እኔ ልናገር?"

"እኔ እናገራለሁ" አልኳት። ማልኩላት እንኳ። አውቶቡስ ውስጥም እስከምንደርስ ድረስ የምለውን በሆዴ ሳሰካካ ነው የሄድኩት፤ አራሚ አይደለሁ፣ አሳምሬ አሰካክቼው ነበር። እሷ በመስኮቱ ወደ ውጪ ታያለች። ያን ቀን ግን ምን እንደሚባል የጠየቀችው ነገር አልነበረም።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ የብረት አልጋ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ነጩ የዳቦ ቤት ጋዋን ታጥቦ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከጎኑ የትምህርት ቤት የምስክር ወረቀቶች፣ ከመጀመሪያ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ፣ አንድም ሳይጎድል በመስታወት። ሁለት ጎረቤት ሴቶች ከእናትየዋ ጋር ተቀምጠዋል። እናትየዋ ቀጭን ናቸው፤ ትምህርት ቤት ወለል ይወለውላሉ፣ የእጃቸው ጣቶች በሳሙና ተበልተዋል።

"ጸሐፊዋ እኔ ነኝ" አለች እሷ፣ በሩ ላይ እንደቆመች።

ጎረቤቶቹ ፊታቸው ተለዋወጠ። እናትየዋ ግን በእጃቸው "ግቢ" አሏት፣ እኔንም ጭምር። ተቀመጥን። አፌን ልከፍት ስል እናትየዋ ቀደሙኝ።

"መጽሔታችሁ ስለ ልጄ ጽፎ ነበር። እሷ አነበበችልኝ" አሉ ወደ አንዷ ጎረቤት እያዩ። "ልጄ ማንበብ ተሳስቶ ነው የሞተው ይላል አሉ። እውነት ነው?"

ያሰካካሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉ። "እሱን ግን አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። የተማረበትን ክፍል ወለል እኔ ነበርኩ የምወለውለው። በየሳምንቱ ያንቺን ጽሑፍ እዚህ አልጋ ላይ ተቀምጦ ያነብልኝ ነበር፤ ስለ ገመዶቹ፣ ስለ ድንጋዮቹ። አሁን ዳቦ ቤት ያሉት ልጆች ማንበብ ሳይችል ነው እንዴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰው እያሉ ይስቃሉ አሉ። ሞቶም ይስቁበታል።" ከትራሱ ሥር ገጹን አወጡ። አራት ቦታ ታጥፏል። "የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ እንዴት እንደሚባል የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንብቢልኝ።"

ወረቀቱን ተቀበለች። እኔን አንድ ጊዜ አየችኝ። የምናገርበት ጊዜ ያኔ ነበር። ቃሉ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው፣ ልጅዎም አልተሳሳተም ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር፤ መግለጫው ላይ ፊርማዬ አለ፤ ጎረቤቶቹ እያዩኝ ነው። ይኼ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ውሃ የሚያነሳ ምክንያት አልነበረም፤ ፈራሁ፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ማንበብ ጀመረች። ድምጿ የተስተካከለ ነበር፣ ለአባቷ እንደምታነብለት። "መንገድ" አለች፣ መስመሩን አነበበች። "ማደሪያ" አለች። "ምግብ" አለች። ከዚያ ትንሽ ቆመች። አጥብቃ ብታነበው መግለጫው እውነት ይሆናል፣ እሷ ትድናለች፣ ልጁ ማንበብ ያልቻለ ሆኖ ይቀራል። አላልታ ካነበበችው ውሃ ውስጥ ግባ ብላ የላከችው ራሷ ናት።

አላልታ አነበበችው።

"እንዲያ ነው የሚባለው?" አሉ እናትየዋ።

"እንዲያ ነው እማማ። ልጅዎ በትክክል ነው ያነበበው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

እናትየዋ ወደ ጎረቤቶቹ ዞሩ። "ሰማችሁ? እንዲያ ነው የሚባለው። ልጄ በትክክል ነው ያነበበው።" ፊታቸው ላይ ለአፍታ ደስታ የሚመስል ነገር አየሁ፤ ለዚያ ቤት የሚሆን ደስታ። ወዲያው ጠፋ። ገጹን ከእጇ ተቀብለው እንደነበረ አጣጠፉት።

"እንግዲህ ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ።"

"አዎ" አለች።

"ከቤቴ ውጪልኝ።"

ተነሳች። ጎረቤቶቹ እንዳይነኳት እግራቸውን ሰበሰቡ። በሩ ክፍት ስለነበር መንገዱ ማዶ ፀሐይ ላይ ቆማ እኔን ስትጠብቅ ይታየኝ ነበር። በማግስቱ ጎረቤቶቹ ወሬውን ዳቦ ቤት አደረሱት፣ ዳቦ ቤቱ ወደ እኛ ቢሮ፤ አዘጋጁም "መግለጫችንን አፍርሳብናለች" ብሎ ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አላወጣላትም፣ ሌሎቹም እንደዚያው። ያን ሁሉ ያኔ ገና አላወቅሁም። ተነስቼ ልከተላት ስል እናትየዋ እጄን ያዙኝ።

"እርስዎስ ምኗ ነዎት?"

"እኔ..." አልኩ። "አብሬያት የመጣሁ ነኝ። እንዲያው መንገድ እንዳይከብዳት ብዬ።"

"እርስዎማ ምን አጠፉ" አሉኝ። "ደህና ሰው ነዎት፤ መልክዎ ይናገራል። ደክሞዎታል፣ ይቀመጡ።" ከጥግ ካለው ባልዲ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩና እስከ ታች ጠጣሁት።